ከጅቡቲ የተጫነው ናፍጣ አዳማ ሲደርስ ለምን ያንሳል?

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት የተጣራ ነዳጅ በሙሉ ከውጭ የሚገባ ሲሆን፣ አብዛኛው በጅቡቲ ከመርከብ ተራግፎ፣ በቦቴ ተጭኖ፣ የአፋርን ቆላ አቋርጦ፣ በአዋሽና በመተሐራ በኩል ወደ አዳማ ይወጣል። ጉዞው የሚጀምረው ከባሕር ጠለል አጠገብ ነው፤ በዚያ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴልሺየስን ያልፋል። አዳማ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ እነዚያው ወራት ለእሷ የዝናብና የቅዝቃዜ ወራት ናቸው። ስለዚህ በመነሻውና በመድረሻው መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት እጅግ የሚሰፋው እኛ ክረምት ብለን በምንጠራው ወቅት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ለረጅም ዘመን ሲያከራክር የኖረ አንድ ጉዳይ አለ። በጭነት ሰነዱ ላይ 45,000 ሊትር ናፍጣ ተብሎ የተጻፈበት ቦቴ ማደያው ላይ ሲለካ ወደ 350 ሊትር የሚጠጋ ጎድሎ ሊገኝ ይችላል። ማሸጊያው አልተነካም፣ ቫልቩ አያንጠባጥብም፣ በመንገድም አደጋ አልደረሰም፤ ሆኖም ሰነዱና የመለኪያ ዘንጉ አይስማሙም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚያርፈው በሾፌሩ ላይ ነው። ጥርጣሬው አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የጎደለው ሊትር ማንም ሳይነካው በሙቀት ለውጥ ብቻ የጠፋ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሚቻልበት ስሌት ስላለ፣ ያለ ስሌቱ ሰውን መክሰስም ሆነ ያለ ስሌቱ «ሙቀት ነው» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት እፍግታ ከሚባለው፣ ባለሙያዎች በተለምዶ ዴንሲቲ ከሚሉት፣ መጀመር ያስፈልጋል። እፍግታ በአንድ የተወሰነ ቦታ ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንዳለ የሚገልጽ መጠን ነው። በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኩብ፣ ማለትም 1,000 ሊትር፣ ናፍጣ አብዛኛውን ጊዜ ከ820 እስከ 860 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በዚያው የሙቀት መጠን ቤንዚን ከ720 እስከ 775፣ የአውሮፕላን ነዳጅ ከ775 እስከ 840 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ከባድ ጥቁር ናፍጣ ግን ወደ 990 ሊደርስና ከውሃ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። የሙቀቱ መጠን ሳይጠቀስ የተነገረ እፍግታ ግማሽ መረጃ ነው፤ ፈሳሹ በሞቀ ቁጥር ያው ክብደት ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚይዝ ቁጥሩ ይወርዳል።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት በሞለኪውሎቹ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ሃይድሮካርቦን ከካርቦንና ከሃይድሮጅን አቶሞች ብቻ የተሠራ ውህድ ሲሆን፣ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ፣ የማብሰያ ጋዝ፣ ሬንጅና አብዛኞቹ የማሽን ዘይቶች በዋናነት የእነዚህ ውህዶች ድብልቅ ናቸው። በአንዱ ሞለኪውል ውስጥ ያሉት አቶሞች እርስ በርስ አጥብቀው የተያያዙ ቢሆኑም፣ አንዱን ሞለኪውል ከጎረቤቱ ጋር የሚያቆራኘው ኃይል ደካማ ነው። ሙቀት ሲጨመር ሞለኪውሎቹ እንቅስቃሴያቸው ይበረታል፤ እስክስታው ሲጋጋል ጨፋሪዎቹ ትከሻቸውን የሚያወዛውዙበት ስፍራ ፈልገው ክቡን እንደሚያሰፉት ሁሉ፣ ሞለኪውሎቹም እርስ በርስ ይራራቃሉ። ቁጥራቸው አልጨመረም፣ ክብደታቸውም አልተለወጠም፤ የያዙት ቦታ ብቻ ሰፍቷል። ውሃ በአንጻሩ ሞለኪውሎቹ በሃይድሮጅን ትስስር ስለሚያያዙ ለመስፋት ብዙም አይቸኩልም።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይሻላል። በተለመደው የአየር ሙቀት አካባቢ 1,000 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 0.2 ሊትር ያህል ብቻ ይጨምራል። በዚያው 1 ዲግሪ 1,000 ሊትር ከባድ ጥቁር ናፍጣ 0.7 ሊትር ገደማ፣ ናፍጣ 0.84 ሊትር ገደማ፣ ቤንዚን ደግሞ 1.2 ሊትር ገደማ ይሰፋሉ። የማብሰያ ጋዝ በፈሳሽነቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ እንደ ድብልቁ ከ2 እስከ 3 ሊትር ይደርሳል። ከዚህ የሚታየው ሥርዓት ቀላል ነው፤ ነዳጁ በቀለለ መጠን፣ ማለትም ሞለኪውሎቹ ባነሱና እፍግታው ዝቅ ባለ መጠን፣ ለሙቀት ያለው ምላሽ ይጨምራል። በቆርቆሮ ግድግዳው ውስጥ ነዳጁን የያዘው የብረት ታንክም ይሰፋል፤ የእሱ ግን ለ1,000 ሊትር ይዘት በዲግሪ ከ0.04 ሊትር በታች ስለሆነ የነዳጁን መስፋት ሊከተል አይችልም።

አሁን ወደ ቦቴው እንመለስ። በጅቡቲ ሲጫን ናፍጣው 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር እንበል፤ በ15 ዲግሪ የሚኖረው እፍግታም በሜትር ኩብ 840 ኪሎ ግራም ይሁን። በ40 ዲግሪ ያው ናፍጣ 822.2 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ስለዚህ 45,000 ሊትሩ 37,000 ኪሎ ግራም ነው። ይህን 37,000 ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በመላው ጉዞ የማይለወጠው ቁጥር እርሱ ነውና። ቦቴው አዳማ ደርሶ ናፍጣው 31 ዲግሪ ሆኖ ቢገኝ እፍግታው ወደ 828.6 ከፍ ብሏል፤ 37,000 ኪሎ ግራሙን በዚህ ስናካፍል የምናገኘው 44,655 ሊትር ገደማ ነው። ከሰነዱ 345 ሊትር ያህል ጎድሏል፣ አንድም ኪሎ ግራም ግን አልጠፋም።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ናፍጣው ማደያው ውስጥ ከመሬት በታች ወደተቀበረው ታንክ ይገለበጣል፤ አፈሩ ከዓመት እስከ ዓመት የተረጋጋ ሙቀት ስላለው በሚቀጥሉት ቀናት ናፍጣውን ቀስ በቀስ ወደ 22 ዲግሪ ያወርደዋል ብለን እናስብ። በ22 ዲግሪ እፍግታው 835 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ያው 37,000 ኪሎ ግራም አሁን 44,310 ሊትር ገደማ ነው። ሌላ 345 ሊትር ያህል ተቀንሷል። የመጀመሪያው ጉድለት ሾፌሩን ያስጠይቃል፣ ሁለተኛው ደግሞ ማንም ሳያስተውለው የማደያውን ሒሳብ ሠራተኛ ወይም የፓምፑን ቀጂ ያስጠይቃል። በእኔ አመለካከት ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳስበው ሁለተኛው ነው፤ ቦቴው ሲራገፍ ቢያንስ ሁሉም ሰው ቆሞ ይለካል፣ በተቀበረው ታንክ ውስጥ የሚደረገውን መኮማተር ግን የሚጠብቀው የለም፤ በወሩ መጨረሻ ሽያጩና ግዢው ሳይገጥም ሲቀር በደመወዝተኛው ላይ የሚወድቅ ዕዳ ሆኖ ብቅ ይላል።

ጭነቱ ቤንዚን ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ ይብስ ነበር። በ15 ዲግሪ 740 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቤንዚን ከ40 ወደ 22 ዲግሪ ሲወርድ ከይዘቱ 2.2 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከ45,000 ሊትር ላይ ይህ 1,000 ሊትር ገደማ ማለት ነው።

ብዙ ሰዎች ይህን ጉድለት ከከፍታ ጋር ያያይዙታል። ነዳጁ ከባሕር ጠለል ወደ ደጋ ሲወጣ በአየር ግፊት ለውጥ ይቀንሳል ይባላል። አነጋገሩ ከእውነቱ ጋር የሚገጥመው ደጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ ብቻ ነው። ፈሳሽ በግፊት እምብዛም አይጨመቅም፤ በጅቡቲና በአዳማ መካከል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት ከ20 ኪሎ ፓስካል በታች ሲሆን፣ ይህ በ45,000 ሊትር ናፍጣ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከ1 ሊትር አይበልጥም፤ እርሱም ቢሆን አቅጣጫው ወደ መጨመር ነው፣ ግፊቱ ሲቀንስ ፈሳሹ በጥቂቱ ይለቀቃልና። ከፍታ በእውነት የሚያግዘው ሌላ ነገር ነው፤ ትነትን። ግፊቱ ዝቅ ሲል ቤንዚን ይበልጥ ይተናል፣ የተነነውም በመተንፈሻው በኩል ወጥቶ ይጠፋል። ይህ የክብደት ጉድለት ነው፤ ቢቀዘቅዝም ቢሞቅም አይመለስም። በሙቀት የተነሣ የሚታየው የይዘት ጉድለት ግን ነዳጁን እንደገና ብናሞቀው ይመለሳል። ናፍጣ በተለመደው ሙቀት ትነቱ አነስተኛ ስለሆነ፣ በናፍጣ ጭነት ላይ «ተነነ» የሚለው ምክንያት በቀላሉ መታመን የለበትም።

እንግዲህ ሥራው እንዴት ይሠራል? ከቦቴው ክፍሎች ከእያንዳንዳቸው፣ ከላይም ከሥርም ሳይሆን ከመካከል፣ ናሙና ይቀዳል። ናሙናው በረጅም የመስታወት ሲሊንደር ውስጥ ይደረግና ሃይድሮሜትር የሚባለው ተንሳፋፊ መለኪያ ይጠመቅበታል፤ መለኪያው ፈሳሹ በቀለለ መጠን ጠልቆ፣ በከበደ መጠን ከፍ ብሎ ይቆማል። በዚያው ቅጽበት የፈሳሹ ሙቀት በቴርሞሜትር ይነበባል። የተገኙት ሁለት ቁጥሮች፣ እፍግታውና ሙቀቱ፣ በሠንጠረዥ አማካይነት ወደ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ይለወጣሉ። ዛሬ በሰፊው የሚሠራባቸው ሠንጠረዦች የአሜሪካ ነዳጅ ተቋምና ኤኤስቲኤም የተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካወጧቸው የመጡ ሲሆኑ፣ በ2004 ተሻሽለዋል፤ ለናፍጣና ለቤንዚን የሚያገለግሉት 53 ቢ (እፍግታን ለመለወጥ) እና 54 ቢ (ሊትርን ለመለወጥ) በሚሉ ቁጥሮች ይታወቃሉ። አሜሪካውያን ራሳቸው መነሻቸውን በ60 ዲግሪ ፋራናይት ያደርጋሉ፤ ይህም ከ15.56 ዲግሪ ሴልሺየስ ጋር እኩል ነው። 15 ዲግሪ የተመረጠው ነዳጁ በዚያ ሙቀት ይገኛል ተብሎ አይደለም፤ ገዢና ሻጭ፣ ቆላና ደጋ፣ በአንድ መነሻ ላይ ቆመው እንዲነጋገሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ደጋግሞ ይታያል። የአየሩን ሙቀት የነዳጁ ሙቀት አድርጎ መውሰድ ነው። አዳማ በዚያ ጠዋት 18 ዲግሪ ነው ማለት በቦቴው ውስጥ ያለው ናፍጣ 18 ዲግሪ ነው ማለት አይደለም። አንድ ኪሎ ግራም ናፍጣን በ1 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ወደ 2 ኪሎ ጁል ሙቀት መውጣት አለበት፤ 37,000 ኪሎ ግራሙን በ9 ዲግሪ ለማውረድ ደግሞ 18 ሊትር ናፍጣ ሲነድ የሚሰጠውን ያህል ሙቀት በታንኩ ግድግዳ በኩል ወደ አየር መተንፈስ ይጠይቃል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ትናንት ከቆላ የወጣ ቦቴ ዛሬ ጠዋት በብርድ ቢገኝ እንኳ ሆዱ ገና ትኩስ ሊሆን ይችላል። ቴርሞሜትሩ ወደ ፈሳሹ መግባት፣ እዚያም ንባቡ እስኪረጋጋ መቆየት አለበት። የ2 ዲግሪ ስሕተት በ45,000 ሊትር ናፍጣ ላይ ወደ 75 ሊትር የሚጠጋ የሒሳብ ስሕተት ያስከትላል፤ የአንድን ሰው መልካም ስም ለማበላሸት በቂ የሆነ መጠን ነው።

ስሌቱ ጥቅሙ ለሾፌር መከላከያ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ሌብነትንም ያጋልጣል። በምሳሌያችን ቦቴው በ31 ዲግሪ 44,655 ሊትር ሊኖረው ሲገባ 44,310 ሊትር ብቻ ቢለካ፣ ይህ በ828.6 ሲባዛ 36,715 ኪሎ ግራም ይሆናል። ከ37,000 ላይ 285 ኪሎ ግራም ጎድሏል፤ ይህን ጉድለት የትኛውም የሙቀት መጠን ሊያስረዳው አይችልም፤ ነዳጅ ወጥቷል ማለት ነው። በሌላ በኩል ሊትሩ ሞልቶ የ15 ዲግሪው እፍግታ ተለውጦ ቢገኝ ሌላ ነገር ተቀላቅሏል ማለት ነው። 840 ኪሎ ግራም የሚመዝን ናፍጣ ላይ ከአሥር እጅ አንዱን 800 ኪሎ ግራም በሚመዝን ነጭ ጋዝ ቢተኩት እፍግታው ወደ 836 ይወርዳል፤ ለውጡ ትንሽ ቢመስልም ጥንቃቄ የተሞላበት ሃይድሮሜትር ያነበዋል። ለማወዳደር ግን በጅቡቲ ሲጫን የተመዘገበው እፍግታ ያስፈልጋል፤ አንዱ መርከብ ያመጣው ናፍጣ ከሌላው ሊለይ ስለሚችል በግምት የሚፈረድበት ነገር አይደለም። በሰነዱ ላይ ሊትሩ ብቻ ተጽፎ እፍግታውና ሙቀቱ ባዶ ከተተወ፣ ንጹሑም ሌባውም እኩል ይሆናሉ።

ከማደያ የሚቀዳ አሽከርካሪ ነዳጅ በማለዳ ሲቀዳ ይበረክታል ሲባል ሰምቶ ይሆናል። ሐሳቡ ከሳይንሱ የራቀ አይደለም፤ ቀዝቃዛ ሊትር ከሞቀ ሊትር የበለጠ ነዳጅ አለውና። ሞተር የሚያቃጥለው ክብደቱን ነው፤ 1 ኪሎ ግራም ናፍጣ ሲነድ ወደ 43 ሜጋ ጁል ኃይል ይሰጣል፣ ስለዚህ በ15 ዲግሪ የተለካ ሊትር ወደ 36.1፣ በ40 ዲግሪ የተለካ ሊትር ግን ወደ 35.4 ሜጋ ጁል ይይዛል። ሆኖም የማደያው ታንክ ከመሬት በታች የተቀበረ ስለሆነ በጠዋትና በቀትር መካከል ሙቀቱ እምብዛም አይለወጥም። አንድ ዲግሪ ሙሉ ቢለወጥ እንኳ በ40 ሊትር ቤንዚን ላይ ያለው ልዩነት 0.05 ሊትር ነው፤ ከግማሽ ስኒ ብዙም አያልፍም። ለዚህ ብሎ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወረፋ መያዝ አያስፈልግም።

አሽከርካሪውን በእርግጥ የሚመለከተው ታንኩን እስከ አፉ አለመሙላት ነው። 22 ዲግሪ ከሆነ የተቀበረ ታንክ የተቀዳ 50 ሊትር ቤንዚን መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ 40 ዲግሪ ቢደርስ ከ1 ሊትር በላይ ይሰፋል፤ ባዶ ቦታ ካላገኘ በክዳኑ በኩል ይወጣል፣ የወጣው ደግሞ ወዲያው የሚተንና እሳት የሚጠራ ነው።

በችርቻሮ ደረጃ ሙቀትን ራሱ አስልቶ ሊትሩን ወደ 15 ዲግሪ የሚያስተካክል ፓምፕ አለ፤ በካናዳ በሰፊው ይሠራበታል። ለእኛ ማደያዎች ይህ ዛሬ ቅድሚያ የሚሰጠው ነው ብዬ አላስብም። ትልቁ ገንዘብና ትልቁ ጠብ ያለው በቦቴና በማጠራቀሚያ ደረጃ ነው፤ እዚያ አንድ ሃይድሮሜትር፣ አንድ የታመነ ቴርሞሜትርና ሠንጠረዡን ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ብዙ ያስተካክላሉ።

የማብሰያ ጋዝ በሊትር ሳይሆን በኪሎ ግራም የሚሸጠው ከዚሁ ምክንያት ጋር በተያያዘ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው በግፊት ወደ ፈሳሽነት የተለወጠ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ በዲግሪ የሚሰፋበት መጠን ከናፍጣ ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሚበልጥ ሊትሩን ቆጥሮ መሸጥ አስቸጋሪ ይሆናል፤ ሚዛኑ ግን ሙቀት አያታልለውም። እጅግ አስፈላጊው ነገር ግን ሲሊንደሩ በፈሳሽ እንዳይሞላ ነው፤ በተለመደው አሠራር ከይዘቱ 80 እስከ 85 በመቶ ያህል ብቻ ይሞላል፣ የቀረው ለመስፋፊያ ይተዋል። ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ የሆነ ሲሊንደር ሲሞቅ ፈሳሹ የሚሄድበት ቦታ ስለሌለው ግፊቱ በእያንዳንዱ ዲግሪ በብዙ ባር ይንራል፤ ብረቱን እስከ መቅደድ ሊደርስ ይችላል። በሁለት የተዘጉ ቫልቮች መካከል በታሰረና ፀሐይ በሚመታው የናፍጣ ቧንቧ ላይም ይኸው ስለሚደርስ፣ በነዳጅ ማጠራቀሚያ ጣቢያዎች የማስተንፈሻ ቫልቭ ይገጠማል። በጊዜያዊ ጥገና ሳቢያ ይህን ቫልቭ ደፍኖ መሄድ ሊፈቀድ የማይገባው ነገር ነው።

ሊትርን ወደ ኪሎ ግራም መለወጥ ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ የአቪዬሽን ታሪክ ያስረዳል። ሐምሌ 23 ቀን 1983 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 አውሮፕላን 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ሊኖረው ሲገባ፣ የመሬት ላይ ሠራተኞችና አብራሪዎች ለማስላት የተጠቀሙበት እፍግታ በሊትር 1.77 ፓውንድ እንጂ 0.8 ኪሎ ግራም ያህሉ አልነበረም፤ ስለዚህ ከሚያስፈልገው ግማሽ የማይሞላ ነዳጅ ይዞ ተነሣ። በሰማይ ላይ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ አውሮፕላኑ ያለ ሞተር ተንሳፍፎ ጊምሊ በተባለ የቀድሞ ወታደራዊ ማረፊያ ላይ አረፈ፣ የሞተም ሰው አልነበረም። ስሕተቱ የመጣው ከሙቀት ሳይሆን ከመለኪያ መደባለቅ ነው፤ ግን ቦታን ወደ ክብደት የሚያሻግረው ቁጥር ምን ያህል ሸክም እንደሚሸከም ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

እስካሁን የተናገርነው በአየር ሙቀት ስለሚለወጥ ነዳጅ ነው። በፋብሪካና በመንገድ ሥራ ላይ ሆን ተብሎ የሚሞቁት ዘይቶች ግን ጉዳዩን ወደ ሌላ ደረጃ ይወስዱታል። ከባድ ጥቁር ናፍጣ ሳይሞቅ ስለሚወፍር በቦይለር ለማቃጠል ሙቀት ያስፈልገዋል። ማሞቁ ሌላም ጥቅም አለው። በ15 ዲግሪ 991 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጥቁር ናፍጣ ከውሃ፣ ማለትም ከ999፣ የሚለየው በ8 ኪሎ ግራም ብቻ ስለሆነ በውስጡ የገባ ውሃ ለመዝቀጥ ይቸገራል። ሁለቱንም ወደ 90 ዲግሪ ስናሞቃቸው ዘይቱ ይበልጥ ስለሚሰፋ ወደ 940 ይወርዳል፣ ውሃው ግን 965 ላይ ይቆያል። ልዩነቱ ከ8 ወደ 25 ያድጋል፣ ዘይቱም ይቀጥናል፤ ውሃው ወደ ታች ወርዶ ከሥር በሚገኘው ቧንቧ ሊወጣ ይችላል። ውሃው ሳይወጣ ዘይቱ ከ100 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ ከተደረገ ግን ከሥር ያለው ውሃ በድንገት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ከነበረው ይዘት ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ የጋለውን ዘይት አረፋ አድርጎ ከታንኩ ያስወጣዋል። በቦይለር ክፍል ለሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች ይህ ከወረቀት ላይ ሒሳብ በላይ ነው፤ ማሞቅ ከመጀመሩ በፊት ውሃውን ማፍሰስ ሕይወትን የሚጠብቅ ልማድ ነው።

ሙቀት ለማስተላለፍ የሚያገለግለው ቴርማል ኦይል ከ20 ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ከይዘቱ አምስት እጅ አንዱን የሚበልጥ ጭማሪ ያሳያል። እዚህ ላይ በዲግሪ ይህን ያህል እያልን በአንድ ቁጥር ማባዛታችን አይሠራም፤ የመስፋቱ ፍጥነት ራሱ ከሙቀቱ ጋር እየጨመረ ስለሚሄድ ለዘይቱ የተዘጋጀውን ሠንጠረዥ ማየት ግዴታ ነው። ለዚህም ነው እንዲህ ያሉ ማሽኖች ከላይ የመስፋፊያ ታንክ የሚገጠምላቸው፤ ሲቀዘቅዝ ዝቅ ያለው የዘይት መጠን ሲሞቅ ከፍ ይላል። ቀዝቃዛ ሳለ ደረጃው አነሰ ብሎ ታንኩን ሞልቶ ማስነሣት ከተለመዱት አደገኛ ስሕተቶች አንዱ ነው።

የአስፋልት ሥራም ከዚሁ አይወጣም። ሬንጅ በ160 ዲግሪ ሙቀት በማሰራጫ መኪና ሲረጭ 1,000 ሊትር ሆኖ የተለካው ወደ 15 ዲግሪ ሲመለስ 910 ሊትር ያህል ብቻ ነው። የጋለውን ሊትር እንደ ቀዝቃዛ ሊትር ቆጥሮ የሚረጭ ተቋራጭ ለመንገዱ ከታዘዘው ዘጠኝ በመቶ ያህል ያነሰ ሬንጅ ይሰጠዋል፤ ከፋዩም ለዚያው ዘጠኝ በመቶ በከንቱ ይከፍላል። ስለዚህ ሬንጅ ሲገዛ በሚዛን በክብደት መረከብ፣ ሲረጭ ደግሞ በማሰራጫው ቴርሞሜትር ላይ የተነበበውን ሙቀት ከሊትሩ ጎን መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱም ከፊርማው በፊት ያቺን ቁጥር መጠየቅ አለበት።